የማይታደስ ቁስል፦ በቁም ዛፍ ላይ የመቅረጽ ጥያቄ

በቁም ዛፍ ግንድ ላይ ስም ወይም ምስል በስለት መቅረጽ በብዙ አገሮች የቆየ ልማድ ነው። ፍቅረኞች የስማቸውን ፊደል፣ መንገደኞች ያለፉበትን ቀን፣ እረኞች የብቸኝነት ሐሳባቸውን ግንድ ላይ አስፍረዋል። ድርጊቱ ተገቢ መሆን አለመሆኑን ለመመዘን አስቀድሞ ስለቱ የሚነካውን ማወቅ ያስፈልጋል።

የቅርፊት ውጫዊ ክፍል የሞተ ነው፤ ግንዱን ከፀሐይ፣ ከነፍሳትና ከሻጋታ ይጠብቃል። ከበታቹ ያለው ቅርፊት ግን ሕያው ሲሆን፣ ቅጠሎች ያዘጋጁትን ስኳር ወደ ሥር ያወርዳል። ቀጥሎ ካምቢየም የሚባል እጅግ ስስ ሽፋን አለ፤ ግንዱ የሚወፍረው በዚህ ሽፋን ሕዋሳት መባዛት ነው። ስለት እስከዚህ ከዘለቀ የምግቡ መተላለፊያ ይበጠሳል። ቅርፊቱ ዙሪያውን ከተላጠ ደግሞ ሥሩ በምግብ እጦት ይሞታል፣ ዛፉም ይደርቃል።

የሰው ቆዳ ሲቆረጥ የተጎዳው በአዲስ ይተካል። ዛፍ ግን እንዲህ አይድንም። አሜሪካዊው የደን ሳይንቲስት አሌክስ ሺጎ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንዳስረዱት፣ ዛፍ የቆሰለውን ክፍል አጥር ሠርቶ ከጤነኛው ይለየዋል፤ ከዚያም አዲስ እንጨት በላዩ ያበቅላል። ስለዚህ ጠባሳው ከውጭ ቢሸፈን እንኳ ቁስሉ ከውስጥ ዕድሜ ልክ ይኖራል። ዛፍ ቁመት የሚጨምረው በጫፎቹ በመሆኑ በደረት ልክ የተቀረጸ ስም ከዓመታት በኋላም በደረት ልክ ይገኛል፤ ፊደሎቹ ብቻ ከግንዱ ጋር ወደ ጎን ይለጠጣሉ። አንድ ጭረት ጤነኛ ዛፍን አብዛኛውን ጊዜ አይገድልም። ሆኖም የተጻፈበት ግንድ ሌላ ጸሐፊ ይጋብዛል፤ ሰው በሚበዛበት መናፈሻ ቁስሎቹ ተደማምረው ለፈንገስና ለነፍሳት በር ይከፍታሉ።

ያም ሆኖ ከዛፍ ጽሑፎች መካከል በቅርስነት የሚጠበቁ አሉ። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ከስፔንና ከፈረንሳይ ወደ ምዕራብ አሜሪካ የሄዱ የባስክ እረኞች በኔቫዳ፣ በካሊፎርኒያና በአይዳሆ ተራሮች በሚገኙ የአስፐን ዛፎች ላይ ስማቸውን፣ የትውልድ መንደራቸውንና ናፍቆታቸውን ጽፈዋል። የሚተዉት በቢላ ጫፍ የተሠራ ስስ ጭረት ብቻ ነበር፤ ጽሑፉን በዓመታት አጥቁሮ ያጎላው የዛፉ ጠባሳ ነው። ብዙዎቹ እረኞች በግንዱ ላይ ካለው ሌላ የጽሑፍ ቃል አልተዉም። የአስፐን ግንድ ዕድሜ ግን አጭር ስለሆነ፣ ተመራማሪዎች ዛፎቹ ሳይወድቁ ጽሑፎቹን በፎቶግራፍና በጨርቅ ላይ በማተም ይሰበስባሉ።

ከኒውዚላንድ በስተምሥራቅ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በሚገኙት የቻታም ደሴቶች ደግሞ የሞሪዮሪ ሕዝብ ኮፒ በተባለ ዛፍ ላይ የሰው ምስሎችን ቀርጿል። ምስሎቹ ከቅድመ አያቶች ጋር የተሳሰሩ ናቸው። ከዛፎቹ ብዙዎቹ በማርጀትና በነፋስ ጠፍተዋል። በእንዲህ ያለ ግንድ ላይ የራሱን ስም የሚጨምር ጎብኚ ዛፉንም፣ የሕዝቡንም መታሰቢያ ያበላሻል።

በኢትዮጵያ ዛፍን የማቁሰል ጥያቄ ይበልጥ የሚከብደው በዕጣን ዛፍ ላይ ነው። በመተማ፣ በትግራይና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቆላማ አካባቢዎች ሠራተኞች በበጋ ወራት ግንዱን ፋቅ ፋቅ አድርገው ያቆስሉታል፤ የወጣው ሙጫ ሲደርቅ ይለቀምና ቁስሉ እንደገና ይከፈታል። ሙጫው ዛፉ ቁስሉን የሚደፍንበት መከላከያው ነው። በኤርትራ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ካልቆሰሉ ዛፎች የተገኘው ዘር ከ80 በመቶ በላይ ሲበቅል፣ ከቆሰሉት የተገኘው ከ16 በመቶ በታች ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አሮጌዎቹ ዛፎች ለአሥርት ዓመታት በወጣት ዛፎች እንዳልተተኩ ገልጾ፣ ምርቱ በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ከመቁሰሉ ሌላ ልቅ ግጦሽ፣ ቃጠሎና ጥንዚዛም ዛፉን ይጎዱታል።

እነዚህ ምሳሌዎች ሲነጻጸሩ ሦስት መመዘኛዎች ይወጣሉ። የመጀመሪያው አስፈላጊነት ነው፤ ዕጣን የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው፣ ለስም ግን የወደቀ እንጨት ይበቃዋል። ሁለተኛው ልክ ነው፤ የቁስሉ ጥልቀትና ቁጥር፣ እንዲሁም ዛፉ የሚያርፍባቸው ዓመታት ጉዳቱን ይወስናሉ። ሦስተኛው ባለቤትነት ነው፤ የጋራ ደንና የሕዝብ መታሰቢያ አንድ ሰው በፈቃዱ የሚቆርጠው አይደለም። የባስክ እረኞችን ጽሑፍ ማክበር ዛሬ ለሚቀርጽ ሰው ፈቃድ አይሆንም፤ እነዚያ ጽሑፎች የሚጠበቁት ሌላ ምስክር ከሌላቸው ሰዎች የቀሩ በመሆናቸው ነው። የዕጣን ዛፍን የሚያቆስል ደግሞ ከዛፉ ሲጠቀም የማሳረፍና የሚተካውን ችግኝ ከከብት የመጠበቅ ግዴታ አለበት።