ያውቁ ኖሯል? የቦርዶ ወይን በስምጥ ሸለቆ

መርሎ በፈረንሳይ ቦርዶ በብዛት የሚተከል የቀይ ወይን ጠጅ ዝርያ ነው፤ ስሙም መርል ከምትባል ጥቁር ወፍ እንደመጣ ይነገራል። ይኸው ዝርያ ከሲራና ከካበርኔ ሶቪኞ ጋር በዝዋይ (ባቱ) ይለማል፤ ዝዋይ ያለችውም በስምጥ ሸለቆ ነው። የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ችግኞቹን ከቦርዶ አስመጥቶ ተከለ፤ የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶችም በ2014 እ.ኤ.አ. ለገበያ ቀረቡ። እርሻውን ከጉማሬና ከጅብ የሚጠብቀው ዙሪያውን የተቆፈረ ሰፊ ቦይ ነው፤ የቦርዶ ገበሬ እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም።

መርሎ ለስላሳ ስለሆነ ከጥብስ ጋር ይስማማል። አፍ የሚያደርቀው ታኒን የሚበዛበት ካበርኔ ግን የበርበሬን ማቃጠል ስለሚያባብስ ከቀይ ወጥ ይልቅ ለቁርጥ ይሻላል።