«የለም» የሚል ደረሰኝ የለም

ወልቂጤ ውስጥ የራስ ምታት ክኒን ልገዛ አንድ የግል መድኃኒት ቤት ገባሁ። ከፊቴ የቆሙት እናት በፌስታል የተጠቀለለች ደብተር አውጥተው ባንኮኒው ላይ አኖሩ። የጤና መድን ደብተራቸው ናት። ሻጯ ሳትነካት፣

«እማማ፣ ይሄ እዚህ አይሠራም። እዚህ በብር ነው» አለቻቸው።

«ጤና ጣቢያው የለም አለኝ እኮ ልጄ!»

«እንግዲህ የለም ካሉ ምን ይደረጋል?»

እናትየው የነጠላቸውን ቋጠሮ ፈተው ብር ቆጠሩ። የታዘዘላቸው የአንድ ወር የደም ግፊት መድኃኒት ነው፣ ሠላሳ ፍሬ። የገዙት አሥር ነው። «ሃያውስ?» ስትላቸው፣ «ሃያው ጤና ጣቢያ ሲመጣ» ብለው ወጡ።

ያቺ «የለም» ናት ለወራት ስትከተለኝ የከረመችው።

ስለ ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ከሀ ጀምሮ ማስረዳት አያሻም፤ ደብተሩ በየቤቱ አለ። በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሲሞከር፣ በያኔው ደቡብ አንድ ቤተሰብ የሚያዋጣው በወር 10 ብር ከ50 ሳንቲም ነበር። ዛሬ ከ1,000 በላይ ወረዳዎችን አዳርሷል፣ መዋጮውም በብዙ እጥፍ አድጓል። መድኑ የማይሸፍናቸው ነገሮች ከመነሻው ተዘርዝረው የተቀመጡ ናቸው፦ የውጭ አገር ሕክምና፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምና። የደም ግፊት ክኒን ከነዚህ መሐል አይደለም።

ክልከላ ሌላም አገር አለ። አሜሪካ ውስጥ የመድን ድርጅት አልከፍልም ሲል ደብዳቤ ይልካል። እንደ አውሮፓውያኑ በ2024 መጨረሻ የመድን ድርጅቱ የዩናይትድ ኸልዝኬር ዋና ሥራ አስፈጻሚ ኒውዮርክ ላይ ተገድሎ፣ በጥይቶቹ ቀለሆች ላይ «አዘግይ»፣ «ከልክል» የሚሉ ቃላት ተጽፈው ሲገኙ፣ ብዙ ሰው ሟቹን ትቶ ስለራሱ ደብዳቤ ነበር የሚያወራው። እዚያ ግለሰቦች በመንግሥት የገበያ ሥርዓት በኩል በሚገዟቸው መድኖች ከሚቀርቡት የክፍያ ጥያቄዎች ከአምስቱ አንዱ ገደማ ውድቅ ይደረጋል፤ ይግባኝ የሚለው ደግሞ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ቢሆንም ወረቀቱ አለ። ቀን አለው፣ ቁጥር አለው፣ ይግባኝ የሚቀርብበት አድራሻ አለው። የእኛው ክልከላ በመስኮት በኩል በአንድ ቃል ይወጣና እዚያው መስኮቱ ሥር ይቀራል።

ይህ ሳይቆጠር የሚቀር «የለም» ከየትም በላይ የሚገርመው ወልቂጤ ባለችበት ጉራጌ ላይ ነው፤ በአገራችን እንደዚህ የተቆጠረ ሕዝብ ጥቂት ነውና። ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ በሆነችው ቡታጅራ ዙሪያ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሚዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ እንደ አውሮፓውያኑ ከ1986 ጀምሮ አንድ የጤና ጥናት አካሂዷል። ዘጠኝ የገጠር ቀበሌና አንድ የከተማ ቀበሌ መረጡ። የመንደሩ ልጆች ቆጣሪ ሆነው ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን አዲስ አበባ ሄደ እያሉ መዘገቡ። ሰው ሲሞት ቤተሰቡን አስቀምጠው ሳል ነበረው? ስንት ቀን? ተቅማጡስ? ብለው እየጠየቁ የሞቱን ምክንያት ይፈልጉ ነበር። የሟቹ ዘመድ አፍ እንደ ምርመራ ክፍል ሆኖ ማገልገሉ ነው። በዚሁ መዝገብ ስንቱ የዶክትሬት ዲግሪውን ይዟል። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ደግሞ ብርቱ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለመለየት ከ68,000 በላይ ሰው በየቤቱ ተጠይቋል።

በምዕራቡ በኩል፣ ቸሃ ውስጥ፣ አጣጥ ሆስፒታል አለ። የካቶሊክ የሕክምና ሚስዮን እኅቶች በእኛው 1960ዎቹ መጀመሪያ የከፈቱት ነው። በግቢው ያለው የእናቶች ማረፊያ አገር ያወቀው ነገር ነው፤ ወሊዷ ያሠጋል የተባለች ሴት ቀኗ ሳይደርስ መጥታ ትቀመጣለች፣ ቤተሰቧ ስንቅ ያመላልሳል። ሐኪሞቹ የ22 ዓመት መዝገብ፣ 24,148 ወሊዶች፣ አገላብጠው ያገኙትን ጽፈዋል። በማረፊያው ቆይተው ከወለዱት የሞቱት፣ ከ100,000 ሕያው ልደት ሲሰላ 90 ገደማ ናቸው። በቀጥታ ከቤት ከመጡት ግን ከ1,300 በላይ። (ከቤት የመጡት ብዙዎቹ ምጡ ከጠናባቸው በኋላ የደረሱ መሆናቸውን አልዘነጋሁም። ማረፊያውም የተሠራው ለዚሁ ነው።)

እንግዲህ ልደት ተቆጠረ፣ ሞት ተቆጠረ፣ ምጥ ተቆጠረ። «የለም»ስ? በወልቂጤ አካባቢ የሚሠሩ አንድ የመድኃኒት ባለሙያ፣ በቀን ስንት ሰው «የለም» ተብሎ እንደሚመለስ ስጠይቃቸው ሳቁ። «የመጋዘኑ ካርድ መድኃኒቱ ማለቁን ይናገራል» አሉኝ። «ማን ባዶ እጁን እንደሄደ ግን አይናገርም።»

ቡታጅራ ላይ ያገኘኋቸው የማረቆ በርበሬ ነጋዴ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጃቸው መርካቶ የሚሠራ፣ ነገሩን ከማንም በላይ አሳጥረው ነገሩኝ። «ደብተሩን ሳሳይ ሐኪሙ ያየኛል። ላብራቶሪ ይጽፍልኛል። ደሜን ለመውሰድ ሲሆን አለ፤ መድኃኒት ለመስጠት ሲሆን የለም።» ልጃቸው ከ18 ዓመት ስላለፈ በእሳቸው ደብተር አይታከምም፤ የእናቱን መዋጮ በስልክ የሚልከው ግን እሱ ነው። «እኔ በርበሬ የሸጥኩለት ሰው ቤቱ ሲደርስ ከረጢቱ ባዶ ቢሆን ተመልሶ መጥቶ ያንቀኛል። እኔ ማንን ልነቅ?»

መድኑ በፈቃድ ነው መባሉን አንሥቼባቸው ነበር። «ሬዲዮው እንደዚያ ይላል። ቀበሌ ጉዳይ ኖሮኝ ስሄድ ግን መጀመሪያ ደብተርሽን አሳዪ ነው።» ከዚያ ሳልጠይቃቸው ወደ እድራቸው ተሻገሩ፤ «እድሬ እኮ ሰው ሞቶብኝ ‹ድንኳን የለም› ብሎኝ አያውቅም።»

ይህን ሲሉ የትዝብታቸው ሥር ታየኝ። አዲስ አበባ የነበሩ ጉራጌዎች በ1954 ዓ.ም. የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው ገንዘብ ያዋጡት ማንም አስገድዷቸው አልነበረም። ዕቁብና እድር የዚህ ሕዝብ ሁለተኛ ቋንቋው ናቸው። መዋጮ ምን እንደሆነ ጉራጌን ማስተማር ዓሣን ዋና ማስተማር ነው። እድር ላይ ዳኛውም ገንዘብ ያዡም ጎረቤት ነው፤ ድንኳን ቢጎድል በሚቀጥለው ስብሰባ ይቆምና ይጠየቃል። መድኑ ላይ ማን ፊት ይቆማል?

«የለም» ከየት እንደሚመጣ ያስረዱኝ እኚያው የመድኃኒት ባለሙያ ናቸው። ጤና ጣቢያው አባላቱን ያክምና ሒሳቡን ለወረዳው መድን ያቀርባል። ሒሳቡ ይዘገያል፤ ፊርማ ጎድሎታል፣ ስርዝ ድልዝ አለበት ተብሎም ይመለሳል። እስኪከፈል ድረስ ጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚገዛበት ጥሬ ገንዘብ አይኖረውም። ገንዘቡ በእጁ ሲገባም ከአቅራቢው ዘንድ የፈለገውን ላያገኝ ይችላል። መዋጮው በዓመት አንዴ፣ አዝመራ ሲገባ ይሰበሰባል፤ ዋጋ ግን አዝመራ አይጠብቅም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ይመራ ሲባል 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አልፏል። ሰውየው በጣታቸው አየር ላይ ክብ ሣሉ፦ አባሉ መድኃኒት ያጣል፣ ያጣ አባል አያድስም፣ ካልታደሰ ገንዘብ የለም፣ ገንዘብ ከሌለ መድኃኒት የለም።

እሳቸው ራሳቸው ደመወዝተኛ ስለሆኑ ይህ ደብተር አይመለከታቸውም። ለደመወዝተኞች የወጣው አዋጅ ቁጥር 690/2002 ነው፤ እሱን ተከትሎ የወጣው ደንብ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ ቀጣሪው 3 በመቶ እንዲያዋጡ ይላል። ሥራ ላይ ይውላል ሲባል፣ ሠራተኛው «ከዚችው ደመወዝ?» እያለ ሲያጉረመርም፣ ዓመት በዓመት ሲራዘም ኖሯል። «እኔ ብታመም ‹የለም› የሚለኝ እንኳ የለም» አሉኝ።

ይህንኑ ልጠይቅ ለአንድ የሥራ ኃላፊ ሁለት ጊዜ ደወልኩ። አንደኛው ላይ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ሁለተኛው ላይ ደብዳቤ ይዘህ ና ተባልኩ። ደብዳቤውን ይዤ ስሄድ ጸሐፊዋ ተቀብላ መዝገብ ላይ ቁጥር ሰጠችውና፣ ኃላፊው የመስክ ሥራ ወጥተዋል አለችኝ። ቢያንስ የእኔ ጥያቄ ቁጥር አግኝቷል።

አሥር ፍሬ ገዝተው የሄዱት እናት ምን እንደሆኑ አላውቅም። የደም ግፊት መድኃኒት ሲቋረጥ ስትሮክ ሊያስከትል፣ ኩላሊትን ሊጎዳ እንደሚችል ሐኪም ሁሉ ይናገራል።

ከቡታጅራ ከመውጣቴ በፊት የበርበሬ ነጋዴዋን ተሰናበትኳቸው። የማደሻው ጊዜ ተቃርቦ ነበር፤ ዘንድሮስ ያድሱ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ሚዛኑን እያስተካከሉ ቀና ብለው አዩኝ።

«እከፍላለሁ እንጂ! ወላሂ፣ ያልከፈልኩ ዓመት ይመጣላ መድኃኒቱ።»