በአረጋውያን ላይ የሚታይ የመርሳት ችግር፦ የመጀመሪያ ምልክቶቹና የልየታ ምርመራው

የመርሳት በሽታ (ዲሜንሺያ) አንጎልን በሚጎዱ ሕመሞች የሚመጣ እንጂ የዕድሜ መግፋት የማይቀር ውጤት አይደለም። የአንድን ሰው ስም ለጊዜው ዘንግቶ ቆይቶ ማስታወስ በብዙ አረጋውያን ዘንድ የተለመደ ነው። በአንጻሩ አንድን ጥያቄ ደጋግሞ መጠየቅ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ወደ ቤት የሚያመጣው የታወቀ መንገድ መጥፋት፣ ገበያ ላይ የብር ኖት ለይቶ መልስ መቀበል አለመቻል፣ ለዓመታት የሠሩትን ወጥ አሠራር ማዛባት ምርመራ የሚሹ ምልክቶች ናቸው። ቤተሰብ ብዙ ጊዜ «አርጅተው ነው» ብሎ ስለሚያልፈው ሕክምናው ይዘገያል።

የልየታ ምርመራው ጥቂት ደቂቃዎችን ብቻ ይወስዳል፤ ሕመምም የለውም። በሰፊው በሚሠራበት አንድ ዘዴ ለአረጋዊው ሦስት ቃላት ይነገራሉ፤ ቀጥሎ የሰዓት ምስል እንዲሥሉ ይደረጋል፤ በመጨረሻም ቃላቱን እንዲያስታውሱ ይጠየቃሉ። እርሳስ ይዘው ለማያውቁ ሰው ግን ይህ የማስታወስ ሳይሆን የትምህርት ፈተና ይሆንባቸዋል። ስለሆነም ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ አረጋውያን የሚስማሙ መመዘኛዎች አሉ። በታንዛኒያ ገጠር የተዘጋጀው መመዘኛ፣ ለምሳሌ፣ በአንድ ደቂቃ የእንስሳትን ስም መዘርዘርንና በክብሪት እንጨት ቅርጽ መሥራትን ይጠቀማል። ቀንና ዓመት ሲጠየቁ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚሰጡት መልስ ትክክለኛ መልስ ነው።

ዝቅተኛ ውጤት ማግኘት በሽታው አለ ማለት አይደለም። ድብርት፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ማነስ፣ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ ወድቀው ጭንቅላታቸው በተመታ አረጋውያን ላይ ደግሞ በአንጎል ዙሪያ የሚጠራቀም ደም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ። እነዚህ ሊታከሙ የሚችሉ ናቸው፤ ቶሎ የመመርመር ትልቁ ጥቅምም እዚህ ላይ ነው። በቀናት ውስጥ በድንገት የመጣ መደናገር ሲሆን አስቸኳይ ሕክምና ያስፈልገዋል። አልዛይመርን ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት ባይኖርም፣ ቀድሞ ማወቅ አረጋዊው ስለ ንብረታቸውና ስለ እንክብካቤያቸው ራሳቸው እንዲወስኑ ጊዜ ይሰጣል።

ምልክቱ የታየባቸው አረጋዊ በቅድሚያ በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ሊሄዱ ይገባል፤ እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ሆስፒታል ይላካሉ። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ፣ የባህል መድኃኒትን ጨምሮ፣ ይዘው ቢቀርቡ፣ ለውጡ መቼ እንደጀመረ የሚያስረዳ የቤተሰብ አባልም አብሯቸው ቢመጣ ምርመራው ይቀላል።