አራት አማካሪዎች፣ አራት ጥያቄዎች

የንግግር ሕክምና ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን አንድ ነገር ነው፤ አንዱ ብሶቱን ያወራል፣ ሌላው አዳምጦ ይመክራል። ሽማግሌ ያስታርቃል፣ የነፍስ አባት ቀኖና ይሰጣል፤ የሥነ ልቦና አማካሪ ግን ሥራው መፍረድም መገሠጽም አይደለም። አማካሪዎችም ቢሆኑ ሁሉም የሚሄዱት በአንድ መንገድ አይደለም።

አንዲት ሴት እናስብ። እናቷ ካረፉ ዓመት ሞላቸው። እንቅልፍ አጥታለች፤ ከባሏ ጋር በትንሽ በትልቁ ትጋጫለች። አለቃዋ ሰላም ሳይላት ካለፈ «ሊያባርረኝ ነው» እያለች ቀኑን ሙሉ ስትብሰለሰል ትውላለች። አራት ባለሙያዎች ዘንድ ብትሄድ ምን ትባላለች?

የመጀመሪያው፣ «አለቃዎ ፊቱን ሲያዞር ማን ትዝ ይልዎታል?» ይላታል። ይህ የሳይኮአናሊሲስ መንገድ ነው። ዮሴፍ ብሮየር የተባለ የቪየና ሐኪም ከ1880 እስከ 1882 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) አንዲት ወጣት ሲያክም፣ የሕመሟን አጀማመር በተናገረች ቁጥር እንደሚቀላት አስተዋለ። ሲግመንድ ፍሮይድ በ1895 ከእሱ ጋር መጽሐፍ አሳተመ፤ ከዚያም የራሱን ዘዴ ቀየሰ። ታካሚው ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ ወደ አእምሮው የመጣውን ሁሉ ሳይመርጥ ይናገራል። በልጅነት የተተከለ ፍርሃትና ቁጣ ሳናውቀው ዛሬም ይመራናል፣ በአማካሪው ላይም ሳይቀር ይገለጣል የሚል እምነት አለ። በሳምንት ብዙ ቀን ለዓመታት የሚዘልቅ ሕክምና ነበር፤ ዛሬ ፊት ለፊት ተቀምጠው በሳምንት አንዴ የሚያካሂዱት አጠር ያለ ዓይነትም አለው።

ሁለተኛው ብዙ አይጠይቅም። የሰማውን በራሱ ቃል መልሶ፣ «ከእናትዎ ወዲህ የሚሰማዎት ሰው ያጡ ይመስልዎታል፤ ልክ ነኝ?» ይላታል። አሜሪካዊው ካርል ሮጀርስ በ1951 ባሳተመው መጽሐፉ መንገዱን የሚያውቀው ራሱ ባለጉዳዩ ነው ሲል ተከራከረ። ከአማካሪው የሚፈለጉት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ አለማስመሰል፣ ሰውን ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበል፣ ነገሩን በሰውየው ዓይን ማየት። በዛሬው የምክር አገልግሎት ሥልጠና ውስጥ የሮጀርስ አሻራ ሰፊ ነው።

ሦስተኛው ወረቀትና እርሳስ ያወጣል። «ሊያባርረኝ ነው ያሉት በምን ማስረጃ ነው? ሌላ ምክንያትስ ሊኖር አይችልም?» ይህ ሲቢቲ የሚባለው ሕክምና ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ አሮን ቤክ ራሱ በሳይኮአናሊሲስ የሠለጠነ ሐኪም ነበር። ድብርት ወደ ውስጥ የዞረ ቁጣ ነው የሚለውን ትምህርት በታካሚዎቹ ሕልም ሊያረጋግጥ ተነሣ፤ በሕልሞቹ ውስጥ ያገኘው ግን ማጣትንና መውደቅን ነበር። ከዚያ በኋላ በ1960ዎቹ ትኩረቱን በቅጽበት ብልጭ ወደሚሉ ሐሳቦች አዞረ። ሴትዮዋ የቤት ሥራ ይሰጣታል፤ ሐሳቧን ትመዘግባለች፣ የተወችውን ነገር መልሳ ትጀምራለች፣ የሚያስፈራትን በጥቂት በጥቂቱ ትጋፈጣለች። አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ቀጠሮ አይበልጥም።

አራተኛው፣ «ሕመሙ ሲጀምር ከቅርብ ሰዎችዎ ጋር ምን ተለወጠ?» ይላል። ጀራልድ ክለርማንና ሚርና ዋይስማን የቀመሩት ይህ ሕክምና ድብርትን ከአራት ነገሮች ጋር ያያይዛል፦ ከሐዘን፣ ከጠብ፣ ከኑሮ ለውጥና ከብቸኝነት። የዚህች ሴት ጉዳይ ቢያንስ ሁለቱን ይነካል። በ2002 በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ 30 መንደሮች ውስጥ ሲሞከር፣ የሁለት ሳምንት ሥልጠና የወሰዱ የአገሬው ሰዎች ሴቶችን ከሴቶች፣ ወንዶችን ከወንዶች ጋር በቡድን አወያዩ። ከ16 ሳምንት በኋላ ድብርቱ ሕክምናውን ካላገኙት መንደሮች ይልቅ እጅግ ቀንሶ ተገኘ።

በአገሬው ሰው የሚሰጥ ምክር በሌላ አገርም ተሞክሯል። በ2006 የዚምባብዌው ሳይካትሪስት ዲክሰን ቺባንዳ በሐራሬ 14 አያቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ላይ አስቀመጠ። አያቶቹ ችግሩን አይፈቱም፤ የመጣው ሰው ከችግሮቹ አንዱን መርጦ መፍትሔ እንዲያወጣና እንዲሞክር ያግዙታል። በ2016 በወጣው ጥናት 573 ሰዎች ተሳትፈው፣ ከስድስት ወር በኋላ ድብርት የታየባቸው አግዳሚው ላይ ከተቀመጡት 13.7 በመቶ፣ በተለመደው አገልግሎት ከታዩት ግን 49.9 በመቶ ነበሩ።

እንግዲህ የትኛው ይሻላል? ለድብርት የሚውሉት ዋና ዋናዎቹ ሲወዳደሩ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው፤ በታካሚውና በአማካሪው መካከል ያለው መተማመን ግን በሁሉም መንገድ ከውጤቱ ጋር ተያይዞ ይገኛል። ለከባድ ፍርሃትና ለተመላላሽ ሐሳብ አባዜ ደግሞ የሚያስፈራውን ቀስ በቀስ መጋፈጥ ጠንካራ ማስረጃ አለው። ድምፅ የሚሰማው ወይም ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው ሳይዘገይ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ሦስት ነገር መጠየቅ ነውር አይደለም፦ የሚሠሩበት ዘዴ የትኛው ነው? ስንት ጊዜ እንገናኛለን? መሻሻሌን በምን እናውቃለን? ምሥጢሬ እስከ ምን ድረስ ይጠበቃል የሚለውም ይጨመር፤ ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ምሥጢር ሊከፈት ይችላልና። ጥቂት ሳምንት ሄዶ ለውጥ ያላየ ሰው ዝም ብሎ ከመቅረት ይልቅ ለአማካሪው በግልጽ ይንገር። ጎበዝ አማካሪ በዚህ አይቀየምም፤ ወይ መንገዱን ያስተካክላል፣ ወይ ወደሚሻል ባለሙያ ይመራል።