ሰናፍጭ ለምን ይሰነፍጣል?
በምግብ ተክሎች ውስጥ ስለሚገኙ ውህዶችና ስለ ካንሰር መከላከል

ከሠልጣኞቻችን አንዱ፣ አክስቱ የጡት ካንሰር ሕክምናቸውን አቋርጠው የጎመንና የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ ብቻ መጠጣት እንደ ጀመሩ ነገረንና «ሳይንሱ ስለዚህ ምን ይላል?» ሲል ጠየቀን። ይህንኑ ጥያቄ ተማሪዎችም ደጋግመው ስለሚያነሡት፣ ከአንድ ቀላል ሙከራ ተነሥተን መልሱን ለማስረዳት እንሞክራለን።

ለሙከራው የሚያስፈልገው ሰናፍጭ ብቻ ነው። ደረቁን ፍሬ ብናሸትተው ይህን ያህል አይሸትም። ወቅጠን በቀዝቃዛ ውሃ ስንለውሰው ግን ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አፍንጫን የሚሰነፍጥ ኃይል ያገኛል፤ ዓይን እንዳይነካም ጥንቃቄ ያሻል። በፈላ ውሃ የተለወሰው ግን እምብዛም አይሰነፍጥም።

ምክንያቱ እንደሚከተለው ነው። በፍሬው ውስጥ ግሉኮሲኖሌት የሚባል፣ ድኝ ያለበት ውህድና ሚሮሲኔዝ የሚባል ኢንዛይም ተለያይተው ይቀመጣሉ። ነፍሳት ሲያኝኩት ወይም እኛ ስንወቅጠው ሁለቱ ይገናኙና አይሶታዮሳይኔት የተባለው የሚያቃጥል ውህድ ይፈጠራል። ይህም ተክሉ ራሱን ከተባይ የሚከላከልበት መሣሪያ ነው። የፈላ ውሃ ኢንዛይሙን ስለሚያበላሸው ውህዱ እንደሚገባው አይፈጠርም።

የአበሻ ጎመን፣ ጥቅል ጎመንና ብሮኮሊ የሰናፍጭ ዘመዶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1992 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከብሮኮሊ ሰልፎራፌን የተባለውን አይሶታዮሳይኔት ለይተው አወጡ። ይህ ውህድ በሴሎች ውስጥ ካንሰር አምጪ ኬሚካሎችን የሚያከሽፉ ኢንዛይሞች እንዲበዙ ያደርጋል፤ በቤተ ሙከራ አይጦችም ላይ የዕጢን መፈጠር ቀንሷል። ስለሆነም ጎመንን ከትፎ ጥቂት ማቆየት፣ ከዚያም ብዙ ሳያንተከትኩ ማብሰል ይጠቅማል።

ሆኖም ግን «በቤተ ሙከራ ረዳ» ማለትና «ሰውን ከካንሰር አዳነ» ማለት አንድ አይደለም። ለዚህ ጥሩ ትምህርት የሚሰጠን ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገው የቤታ ካሮቲን ታሪክ ነው። አትክልትና ፍራፍሬ አዘውትረው በሚመገቡ ሰዎች ዘንድ የሳንባ ካንሰር አነስ ብሎ በመታየቱ ብዙዎች ምስጋናውን ለቤታ ካሮቲን ሰጡ። በዚህም መነሻ በፊንላንድ 29,133 የሚያጨሱ ወንዶች በተካፈሉበት ጥናት ከፊሎቹ በየቀኑ 20 ሚሊግራም ቤታ ካሮቲን በክኒን ወሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1994 ውጤቱ ሲታወቅ ግን የሳንባ ካንሰር ክኒኑን በወሰዱት ላይ በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ። በአሜሪካም የተደረገ ተመሳሳይ ጥናት ጉዳቱ በመታየቱ እ.ኤ.አ. በ1996 ከጊዜው በፊት ተቋረጠ።

ከዚህ የምንረዳው ምንድን ነው? በአንድ ጎመን ቅጠል ውስጥ ብዙ ዓይነት ውህዶች፣ ቪታሚኖችና አሰር አብረው ይገኛሉ፤ አንዱን ነጥሎ በብዛት መዋጥ ምግቡን ከመመገብ ጋር እኩል አይሆንም። ከዚህም ሌላ አትክልት የሚያዘወትር ሰው ብዙውን ጊዜ በማጨስና በመጠጥም ቁጥብ ስለሚሆን፣ ጥቅሙ ሁሉ ከአትክልቱ መጣ ማለት አይቻልም። የዓለም የጤና ድርጅት በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ መመገብን ይመክራል፤ ሲጃራ አለማጨስ ደግሞ ካንሰርን በመከላከል ረገድ ከማንኛውም ቅጠል ይበልጣል።

እንግዲህ ለሠልጣኛችን የሰጠነው መልስ አጭር ነበር። አክስቱ ጎመኑን ይመገቡ፤ ሕክምናውን ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ይቀጥሉ። ለመከላከል የሚረዳ ምግብ የተነሣውን በሽታ የሚያድን መድኃኒት አይደለምና።

ለክፍል ውይይት፦
1. በፈላ ውሃ የተለወሰው ሰናፍጭ ላይ ጥቂት ያልፈላ የሰናፍጭ ዱቄት ቢጨመርበት ምን ይሆናል? ለምን?
2. የፊንላንዱ ጥናት ክኒን ያልወሰዱ ሰዎችን ባያካትት ኖሮ ጉዳቱ ይታወቅ ነበርን?