የምርጫ ውጤት ከቆጠራው አይቅደም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤





በቅርቡ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በአውቶቡስ ስሄድ፣ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች ስለ ምርጫ ይከራከሩ ነበር። አንደኛው «ድምፅ የሚቆጠረው ለይምሰል ነው እንጂ አሸናፊው አስቀድሞ የታወቀ ነው» ሲል፣ ሁለተኛው ደግሞ «ቆጣሪውም ሰው ነው፤ ቢሳሳት ምን ይገርማል?» ይለው ነበር። ሁለቱም ከእውነቱ ጥቂት ጥቂት የያዙ ስለ መሰለኝና ነገሩም በአንድ መንገድ ተወርቶ የሚያልቅ ስላልሆነ ዝም ብዬ አዳመጥሁ። እኔ ግን አንድ ሌሊት ሙሉ ድምፅ ሲቆጠር ያየሁ ሰው ስለ ሆንሁ፣ ያየሁትን መጻፍ ይገባኛል ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ፣ ከፍኖተ ሰላም ራቅ ባለ አንድ የገጠር ቀበሌ የሕዝብ ታዛቢ ሆኜ ነበር። ባላገሩ ገና ጎሕ ሳይቀድ መጥቶ ተሰልፎ ነበር፤ ሴቶች ልጆቻቸውን አዝለው፣ ሽማግሌዎች ምርኩዛቸውን ይዘው ቀኑን ሙሉ ቆሙ። ያን ዓይነት ሰልፍ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ድምፅ የመስጠቱ ሥራ ሲያበቃ ጨለማ ሆኖ ስለ ነበር፣ ኮሮጆው የተከፈተው በፋኖስ ብርሃን ነው።

የመጀመሪያው ችግር ወዲያውኑ መጣ። ኮሮጆው ውስጥ የተገኙት ወረቀቶች በመዝገቡ ላይ ከፈረሙት መራጮች ቍጥር በ6 በለጡ። በዚህ ጊዜ ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። የአንዱ ፓርቲ ወኪል ተነሥቶ «ይህ ተጭበርብሯል» አለ፤ የሌላውም ወኪል «አንተ ነህ ያጭበረበርኸው» አለው። ደግነቱ አንድ ትዕግሥተኛ ሰው ሁሉም ወረቀት አንድ በአንድ እንደገና ይታይ ብሎ ያዘ። በዚያ ቀን መራጩ ለተወካዮች ምክር ቤትና ለክልሉ ምክር ቤት ሁለት ልዩ ልዩ ወረቀት ይሰጠው ስለ ነበር፣ 6 ሰዎች የአንዱን ወረቀት ከሌላው ኮሮጆ ጨምረውት ኖሯል። ነገሩ ይኸው ብቻ ነበር፤ ነገር ግን ወረቀቶቹ እንደገና ባይታዩ ኖሮ፣ እነዚያ 6 ወረቀቶች እስከ ዛሬ ድረስ የ6 ሌቦች ሥራ ሆነው ይወሩ ነበር።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ የባሰ ነበር፤ ማንም ሳያየው ሊያልፍ ምንም አልቀረውም ነበርና። ሌሊቱ ተጋምሶ ሁላችንም ደክሞን ሳለ፣ ውጤቱን በቅጹ ላይ የሚገለብጠው ወጣት ምርጫ አስፈጻሚ ለአንዱ ዕጩ 214 በማለት ፈንታ 241 ብሎ ጻፈ። ከታዛቢዎቹ መካከል ፊደል ያልቆጠሩ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። እኒህ ሰው ድምፁ ጮክ ተብሎ በተነበበ ቍጥር በየአሥሩ አንዲት ባቄላ ከጋቢያቸው ጫፍ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ውጤቱ ሲነበብ ከፍ ባለ ድምፅ «ቆይ ልጄ፤ የእኔ ባቄላ ሃያ አንድ ነው። የአንተ ሃያ አራት ከየት መጣ?» አሉ። ወጣቱ በድንጋጤ ላብ አጠመቀው። ወረቀቱ ተቆጠረ፤ ሽማግሌው ልክ ነበሩ። ያ ልጅ ሌባ እንዳልነበረ እኔ እመሰክራለሁ፤ ነገር ግን የ27 ድምፅ ስሕተቱ እንደ ተጻፈ ቢሄድ ኖሮ፣ ልጁ ቅን ነው ብሎ የሚያምን ማን ይገኝ ነበር?

ከዚህ በኋላ ቃለ ጉባኤው ተፈረመ፤ ውጤቱም በበሩ ላይ ተለጠፈ። እኔም በደብተሬ ላይ ገለበጥሁት። ሲነጋ ወደ አስፋልቱ ወጥቼ ሻይ ለመጠጣት አንድ ቤት ብገባ፣ ሰው ሁሉ ስላሸናፊው ያወራል! አንዱ «እገሌ አሸነፈ» ሲል ሌላው «የለም፤ በአዲስ አበባ ያሸነፈው እገሌ ስለ ሆነ አገሩም የእርሱ ነው» ይላል። የእኛ ወረቀት ግን በዚያች ሰዓት በሰው እጅ ተይዞ፣ በጭቃው መንገድ ወደ ምርጫ ክልሉ ጽሕፈት ቤት በመጓዝ ላይ ነበር።

የዚያን ጊዜው ታሪክ የሚታወቅ ነው። ቆጠራው ሳያልቅ ገዢው ኢሕአዴግ አሸንፌአለሁ አለ፤ ቅንጅትና ኅብረትም በበኩላቸው ድሉ የእኛ ነው አሉ። ሰኔ 1 ቀን ይወጣል የተባለው ጊዜያዊ ውጤት ወደ ሐምሌ ተላለፈ። ከ547 የምርጫ ክልሎች በ299ኙ ላይ አቤቱታ ቀረበ፤ በ31ዱ ነሐሴ 15 ቀን ምርጫው እንደገና ተደረገ። የመጨረሻው ውጤት በነሐሴ መጨረሻ ሲገለጥ ለኢሕአዴግ 327፣ ለቅንጅት 109፣ ለኅብረት 52 ወንበር ተባለ። ነገር ግን በዚህ መካከል በሰኔና ከዚያም በ1998 ዓ.ም. ጥቅምት ደም ፈሰሰ፤ ጉዳዩን እንዲመረምር የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሰላማዊ ሰዎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን አገኘ።

እኔ በዚያ ዓመት የሆነው ሁሉ የድካም ስሕተት ነበር አልልም። ታዛቢ የተባረረበት፣ ውጤቱም በበሩ ላይ ያልተለጠፈበት ጣቢያ መኖሩን ከውጭ የመጡት ታዛቢዎች በጊዜው ተናግረዋል። ሌባም ቢሆን የሚደበቀው ከቅን ስሕተት ጀርባ ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ ግን እንደኛ ያለው የገጠር ሰው የደረሰበት ነገር ነው። የከተማ ድምፅ ቶሎ ይደርሳል፤ መንገዱ ቅርብ ነው፣ ስልክም አለ። በ1997 ዓ.ም. ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 ወንበሮች በሙሉ ማግኘቱ አስቀድሞ ተሰማ። ከዚያ ወዲህ ከገጠር ዘግይቶ የመጣው ቍጥር ሁሉ፣ እውነተኛውም ሐሰተኛውም አንድ ላይ፣ ጓዳ ውስጥ የተቦካ መሰለ። የእኛ ወረቀት የዘገየው ግን መንገዱ ጭቃ ስለ ነበረ ነው። ቶሎ የደረሰውን ቍጥር ይዞ የአገሩ ሁሉ ፍርድ ይህ ነው ማለት፣ ቡሬ ገበያ መጀመሪያ በገባው ጭነት በርበሬ የዓመቱን ምርት እንደ መገመት ያለ ነው።

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ የደረሰ አይደለም። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1948 «ቺካጎ ትሪቢዩን» የተባለው ጋዜጣ፣ የአታሚዎች የሥራ ማቆም አድማ ስላስቸኰለው፣ ትሩማን ተሸነፈ ብሎ በትልልቅ ፊደል አወጣ፤ በማግስቱ ያሸነፈው ትሩማን ሆነና ጋዜጣውን ከፍ አድርጎ ይዞ እየሳቀ ፎቶግራፍ ተነሣ። በ2000 የአሜሪካ ቴሌቪዥኖች ፍሎሪዳን መጀመሪያ ለጎር፣ ቀጥሎ ለቡሽ ሰጥተው ሁለቱንም መለሱ፤ በመጨረሻ ልዩነቱ 537 ድምፅ ብቻ ሆነ። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበን ግን የማላዊ ነገር ነው። በዚያች አገር በ2019 በተደረገው ምርጫ የውጤት ቅጾች በነጭ ማጥፊያ ቀለም ተሰርዘው እንደገና ተጽፈው ስለ ተገኙ፣ ፍርድ ቤት በ2020 ምርጫውን ሠረዘ። በድጋሚው ምርጫ አሸናፊ ተብሎ የነበረው ፕሬዚዳንት ተሸነፈ። ዳኞቹ ይህን ሊፈርዱ የቻሉት ወረቀቱ በእጃቸው ስለ ገባ ነው።

ስለ 2002 እና ስለ 2007 ምርጫዎች ብዙ አልናገርም። በፊተኛው ከ547ቱ 545፣ በኋለኛው ደግሞ 547ቱም ወንበር ለገዢው ፓርቲና ለአጋሮቹ ስለ ሆነ፣ በእኛ ዘንድ ውጤቱን እጠብቃለሁ ብሎ ሌሊቱን ያመሸ ሰው አላየሁም። በ2013 ዓ.ም. ግን ቦርዱ፣ በ1997 ዓ.ም. ከቅንጅት መሪዎች አንዷ በነበሩትና በኋላ በታሰሩት በወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ሰብሳቢነት፣ ሰኔ 14 ቀን የተሰጠውን ድምፅ ውጤት ሐምሌ 3 ቀን ገለጠ፤ 19 ቀን መሆኑ ነው። ዘገየ ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ። እኔ ግን ምክንያቱ እስከ ተነገረ ድረስ መዘግየት አያስከፋኝም፤ የሚያስከፋኝ ቀድሞ የሚናገር አፍ ነው።

አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ውጤቱን አረጋግጦ የመግለጥን ሥልጣን ለቦርዱ ሰጥቷል። ስለዚህ ፓርቲዎች በምርጫው ማግስት አሸነፍን ከማለት ቢቆጠቡ መልካም ነው። ጋዜጦችም፣ የእርስዎም ጋዜጣ ሳይቀር፣ ጊዜያዊ ውጤት ባወጡ ጊዜ ከስንት ጣቢያዎች ስንቱ እንደ ተቆጠረና የትኞቹ ወረዳዎች ገና እንዳልደረሱ አብረው ይጻፉ። እንዲያ ቢሆን ከቡሬ በረሃ ዘግይቶ የመጣው ቍጥር ድንገተኛ እንግዳ አይሆንም።

ሌላው ልመናዬ ለቦርዱ ነው። ውጤት በምርጫ ክልል ተደምሮ ሲወጣ አይቻለሁ፤ ነገር ግን የእያንዳንዱ ጣቢያ ቍጥር ተዘርዝሮ ቢታተም በበሩ ላይ የተለጠፈውን የገለበጠ ሁሉ ደብተሩን አውጥቶ ሊያመሳክር ይችላል። እኔም ያን ደብተር አልጣልሁትም። ያ 214 ከጭቃው መንገድ አልፎ፣ ሳይጨመርበትና ሳይቀነስለት ከሌላው ቍጥር ጋር መደመሩን እስከ ዛሬ ድረስ አላወቅሁም።

አንድ ጡረተኛ መምህር
ከፍኖተ ሰላም