ሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ ለምን ዳግም ይቀየራል?

ሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ ሦስት ዋና ክፍሎች አሉት፦ በጭን አጥንት ውስጥ የሚሰካ የብረት ዘንግ፣ በዘንጉ አናት ላይ የሚቀመጥ ኳስ፣ በዳሌ አጥንት ላይ ተተክሎ ኳሱን የሚያቅፍ ኩባያ። በዕድሜ፣ በበሽታ ወይም በስብራት የተበላሸውን መገጣጠሚያ ይተካል፤ ለዓመታት ሲያነክስ የኖረ ሰውም ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምናው ማግስት ቆሞ መራመድ ይጀምራል። ዕድሜው ግን የተወሰነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሰፊ ጥናት እንዳሰላው 25 ዓመት የሚዘልቀው ከ100ው 58 ያህሉ ነው።

ብረቱ ራሱ የሚሰበረው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። የረጅም ጊዜው ጠላት ከፍትጊያ የሚወጣው ብናኝ ነው። የዘመናዊው የዳሌ ቅየራ አባት የሚባለው እንግሊዛዊ ሐኪም ጆን ቻርንሊ ይህን የተማረው ከውድቀት ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ኩባያውን ቴፍሎን ከተባለ ፕላስቲክ ሠራ። ቴፍሎን እጅግ የሚያንሸራትት ስለሆነ ታማሚዎቹ መጀመሪያ እፎይ አሉ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን ኳሱ ኩባያውን ቦረቦረው፤ ብናኙም በዙሪያው ያለውን ሥጋና አጥንት አስቆጣ። ቻርንሊ ነገሩን ለማረጋገጥ የቴፍሎን ናሙና በራሱ ጭን ውስጥ እስከ መቅበር ደርሷል። መፍትሔው የመጣው ካልታሰበበት ነው። ለላንክሻየር የሽመና ማሽኖች ጥርስ የሚሆን ፖሊኤቲሊን የተባለ ጠንካራ ፕላስቲክ የሚሸጥ ሰው ናሙና ይዞ ወደ ቤተ ሙከራው ጎራ አለ። ቻርንሊ ናቀው፤ ረዳቱ ሃሪ ክሬቨን ግን መፋተጊያ ማሽኑ ላይ አስሮ ፈተነው። ከ1962 መገባደጃ ጀምሮ ኩባያው ከዚህ ፕላስቲክ ይሠራ ጀመር።

ፖሊኤቲሊንም ያልቃል፣ በዝግታ ይሁን እንጂ፤ የቀድሞው ዓይነት በዓመት 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሳሳል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ እርምጃ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ቅንጣቶችን ይለቃል። ባዕድ ነገር የሚያስወግዱት የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት እነዚህን ይውጣሉ፤ ፕላስቲክ ግን አይፈጭላቸውም። በዚህ ጊዜ የሚያመነጩት ኬሚካል አጥንት የሚበሉትን ሕዋሳት ያነሣሣል፤ ተከላውን የያዘው አጥንትም ከውስጥ እየተበላ ይሄዳል። በመጨረሻ ዘንጉ ጉድጓዱ እንደሰፋበት የአጥር ቋሚ መወዛወዝ ይጀምራል። ክፋቱ፣ አጥንቱ እየተበላ ሰውየው ለዓመታት ምንም ላይሰማው ይችላል። ምንም የማያመው ሰው ራጅ እንዲነሣ የሚታዘዘው ለዚህ ነው።

ጥፋቱ መጀመሪያ የተላከከው በሌላ ላይ ነበር። ተከላውን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘው አክሪሊክ ሲሚንቶ ተወነጀለ፤ «የሲሚንቶ በሽታ» የሚል ስምም ወጣ። አምራቾች አጥንት ሰርጎ የሚያድግበት ሻካራ ገጽ ያላቸውን፣ ሲሚንቶ የማይሹ ዘንጎች አበዙ። አጥንቱ ግን በእነዚህም ዙሪያ መበላቱን ቀጠለ። እውነተኛው ለውጥ የመጣው በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ፖሊኤቲሊኑን በጨረር አጠንክሮ ብናኙን በእጅጉ የሚቀንስ ዘዴ ሥራ ላይ ሲውል ነው።

ፕላስቲኩን ጨርሶ ለማስቀረት ብረትን ከብረት ጋር ያጋጠሙም ነበሩ። ከእነዚህ የሚወጣው ኮባልትና ክሮሚየም በአንዳንድ ታማሚዎች ላይ ጡንቻና ሥጋ አበላሸ፤ ኤ.ኤስ.አር. የተባለው ተከላ በ2010 ከዓለም ገበያ ተሰበሰበ። በማሽን ላይ ያማረ ውጤት ያሳየ ንድፍ በሰው ዳሌ ውስጥ ዓመታት ሳያስቆጥር ሊታመን አይገባውም።

ሁሉም ቅየራ ከብናኝ አይመጣም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚያስቸግሩት የኳሱ ውልቃትና ኢንፌክሽን ናቸው፤ በእርጅና ደግሞ አንድ ጊዜ መውደቅ በዘንጉ ዙሪያ ያለውን አጥንት ሊሰብር ይችላል። አስቸጋሪው ኢንፌክሽን ነው። ባክቴሪያዎች በብረቱ ላይ ሙጫ መሳይ ሽፋን ሠርተው ስለሚደበቁ መድኃኒት ብቻውን አያጠፋቸውም። ብዙ ጊዜ ተከላው ወጥቶ፣ በቦታው አንቲባዮቲክ የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ለሳምንታት ይቀመጣል፤ አዲሱ የሚገባው በሌላ ቀዶ ሕክምና ነው።

ዳግም ቅየራ ከመጀመሪያው ይረዝማል፣ ይከብዳልም። በደንብ የተጣበቀ ዘንግ እንዲወጣ አንዳንዴ የጭኑ አጥንት በቁመቱ ተሰንጥቆ ይከፈትና በኋላ በሽቦ ይታሰራል፤ የጎደለው አጥንት ከለጋሽ በተገኘ አጥንት ወይም በብረት ይሞላል። አዲሱም ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን ያህል አይቆይም። በብሪታንያ መረጃ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ70 ዓመት በኋላ የተተከለላቸው ሰዎች በቀሪ ዘመናቸው ዳግም ቅየራ የሚያስፈልጋቸው 5 ከመቶ ገደማ ናቸው፤ በ50ዎቹ መጀመሪያ ላይ በተተከለላቸው ወንዶች ግን ይህ ቁጥር በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ገና በጉልምስና ያለ ታማሚ በማስታገሻና በምርኩዝ ጥቂት ዓመት እንዲቆይ የሚመከረውም ከዚህ ስሌት ተነሥቶ ነው።